እስስት ሳይጨነቅ እጅ ላይ እንዲወጣ፦ እኛ ቤት የሠራው መንገድ

እስስት ቤታችን የገባው ልጄ ስለለመነ ነው። የምንኖርበት አፓርታማ ውሻ አይፈቅድም፤ ድመት ደግሞ ባለቤቴን ያስነጥሳታል። ልጁ ስለ ተሳቢ እንስሳት ሲያነብ ከርሞ በመጨረሻ «እስስት» አለ። እኔ እስስት ባዩ ቁጥር ድንጋይ ከሚያነሱ ልጆች ጋር ያደግኩ ሰው ነኝ። ሜሪላንድ መጥቼ ለእስስት መብራት እገዛለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ገዛሁ።

ያመጣነው ቬይልድ ካሜሊዮን የሚባለውን ዓይነት ነው። የትውልድ አገሩ የመንና የሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ ስለሆነ ጎረቤታችን ነው ማለት ይቻላል። ራሱ ላይ የጦር ቁር የሚመስል ከፍ ያለ አጥንት አለው። ወንድ መሆኑን ያወቅነው የኋላ እግሩ ተረከዝ ላይ ባለችው ትንሽ ጉጥ ነው፤ ሴቶቹ የላቸውም። ያደገ ወንድ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ግማሽ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የእኛው ሲመጣ ግን ከመዳፌ አይበልጥም ነበር። ባለቤቴ አካሄዱን አየች፤ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ግማሽ ወደኋላ፣ ትንሽ ወዝወዝ። «ጋሼ» አለችው። ስሙ ጸደቀ። ቤት ውስጥ አንቱ ነው የሚባለው። «ጋሼ በልተዋል?» «ዛሬ ተቆጥተዋል፣ አትንኳቸው» እንባባላለን።

የሸጠልን ሰው «በየቀኑ ያዙት፣ ይለምዳል» ብሎን ነበር። ይህ ምክር ለውሻ ቡችላ ይሠራ ይሆናል። ልጄ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የእስስቱን የወንፊት ቤት በር ይከፍትና እጁን ከላይ አስገብቶ ወገቡን ይዞ ያወጣዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋሼ ዝም አለ። ልጁም «ወደደኝ» ብሎ ተደሰተ። ከዚያ ቀለሙ ይጠቁር ጀመር። እጅ ሲያይ ጉሮሮውን ይነፋል፣ አፉን ይከፍታል፣ እንደ እባብ ያፏጫል። ብዙም ሳይቆይ መብላት ቀነሰ። ወደ ቤቱ ስንጠጋ ሰውነቱን ጠፍጣፋ አድርጎ ከቅርንጫፉ ጀርባ ይዞራል። እኔ ወደ ግራ ስሄድ እሱ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ቀኝ ስሄድ እሱ ወደ ግራ ነው። ሁልጊዜ እንጨቱን በመካከላችን ያደርገዋል። የሚታየው አምስት ጣቶቹና በጎን ብቅ ያለች አንድ ዓይኑ ብቻ ነች።

ያኔ ያልገባን ነገር ቀላል ነበር። እስስት ሮጦ ማምለጥ አይችልም። መከላከያው አለመታየት ነው። ከታየ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አደጋ የሚመጣበት ከላይ ነው፤ ወፍ። ከላይ የሚወርድ እጅ ለእሱ ወፍ ነው፤ የማን እጅ እንደሆነ አይጠይቅም። ከዚያ በላይ ደግሞ ብቸኛ እንስሳ ነው። ጓደኛ አይፈልግም፣ ማባበል አይፈልግም። ከሌላ እስስት ጋር አንድ ቤት ውስጥ ብታስቀምጡት እንኳ ሁለቱም ይጨነቃሉ። ስለዚህ ከእስስት ጋር «መተማመን» ስንል ፍቅር ማለት እንዳልሆነ ከአሁኑ እናውራ። እስስቱ «ከሚበሉኝ ፍጥረታት» ዝርዝር ውስጥ ስማችሁን ይሰርዘዋል ማለት ነው። ለእኔ ይህ ይበቃል።

ቀለሙንም ማንበብ መማር ነበረብን። ብዙ ሰው እስስት ቀለሙን የሚቀይረው የተቀመጠበትን ለመምሰል ይመስለዋል። በዋናነት ግን ስሜቱን፣ ሙቀቱን፣ ለሌላ እስስት የሚያስተላልፈውን መልእክት ነው የምታዩት። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 የማዳጋስካሩን ፓንተር እስስት አጥንተው እንዳሳዩት፣ ቆዳው ውስጥ ጓኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ በጣም ደቃቅ ክሪስታሎች አሉ። እስስቱ ሲረጋጋ ክሪስታሎቹ ይቀራረባሉ፣ ሲቆጣ ይራራቃሉ፤ የሚመልሱት ብርሃንም በዚያው ይለወጣል። የእኛው ሲረጋጋ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ሲጨነቅ ቡናማ፣ ሲብስበት ወደ ጥቁር ይሄዳል። ግን በጠቆረ ቁጥር አትደንግጡ። ጠዋት መብራቱ እንደበራ ሙቀት ለመሳብ ሆን ብሎ ይጠቁራል። ቀለሙን ከአቋሙ ጋር አብራችሁ እዩ። ጠቁሮ ዘና ብሎ ከተዘረጋ እየሞቀ ነው። ጠቁሮ ከተጠፈጠፈ ወይም ከተነፋ ዞር በሉለት።

ምግብ ሲያቆም ተሳቢ እንስሳት የምታክም ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ነገሩ የተለወጠው እዚያ ነው። ስለ አያያዛችን ትጠይቀናለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ የጠየቀችው ስለ ቤቱ ነው። የት ተቀመጠ? ምን ያህል ከፍታ ላይ? መብራቱ ምን ዓይነት ነው? ውኃ በምን ይጠጣል? የእኛ መልስ የሚያኮራ አልነበረም። የወንፊት ቤቱ ሳሎን ወለል ላይ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነበር። መብራቱ የሙቀት አምፖል ብቻ ነው። ሻጩ ይበቃል ብሎን ነበር። አይበቃም። እስስት ዩ ቪ ቢ የሚባለውን ጨረር ካላገኘ ቫይታሚን ዲ 3 አይሠራም፤ ያ ከሌለ ደግሞ ካልሲየም ሰውነቱ ውስጥ አይገባም። አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል። አጥንቱ የሚያመው እንስሳ ማንም ሲነካው አይወድም። እንደ እድል ሆኖ የእኛ ገና አልባሰበትም ነበር።

ስለዚህ እናንተም እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ቤቱን አስተካክሉ። እኛ ቤቱን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አወጣነው። ላይኛው ቅርንጫፍ ከዓይናችን በላይ ሆነ። ለውጡ በዚያው ሳምንት ታየ፤ ቁልቁል የሚያየን እሱ ሲሆን ያን ያህል አይፈራም። ሁለት ጎኑ ግድግዳ የሆነ ጥግ መረጥን። ውስጡን በእውነተኛ ተክል ሞላነው፤ ፖቶስ፣ ፋይከስ፣ ሂቢስከስ። መደበቂያ ያለው እስስት ብዙ አይደበቅም፤ ለማመን ቢከብድም እንዲያ ነው። ረጅሙን የዩ ቪ ቢ መብራት ጣሪያው ላይ አደረግን። መሞቂያው ቦታ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሆነ። ውኃ ከሳህን አይጠጣም፤ ቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ነው የሚልሰው። ስለዚህ ከላይ የምታንጠባጥብ ትንሽ ዕቃ ሰቀልንለት። አንድ ነገር ደግሞ ልጄ አገኘ። ከቤቱ ፊት ለፊት የነበረው መስታወት ጋሼን ቀኑን ሙሉ ከአንድ ሌላ ወንድ ጋር አፋጦት ኖሯል። መስታወቱን ወደ መኝታ ቤት ወሰድነው።

ከዚያ ምንም አላደረግንም። ይህ ከሁሉም ይከብዳል፣ በተለይ ለልጅ። ሐኪሟ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንዳንነካው ነግራን ነበር። እኛ ከዚያም በላይ ቆየን። ውኃ፣ ምግብ፣ ጽዳት ብቻ። እኔ ማታ ማታ ወንበር አምጥቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። አላየውም። ጎኔን ሰጥቼው ስልኬን እነካካለሁ። ሁለት ዓይን ፊት ለፊት አፍጥጦ ማየት የአዳኝ ነገር ነው። ወንበሩን መቼ እንደማስጠጋ የሚነግረኝ እሱ ነበር፤ እኔ እያለሁ ፌንጣ ከበላ ትንሽ ቀረብ እላለሁ፣ ካልበላ እመልሰዋለሁ። ልጁ እጁ ሥራ እንዲያገኝ ደብተር ሰጠሁት። ቀለሙን፣ የበላውን፣ ኩሱን ሳይቀር ይመዘግባል። ያ ደብተር በኋላ ለሐኪሟ ብዙ ጠቀማት። ልጅ ያላችሁ፣ «አትንካ» ብቻ አትበሉ፤ የሚሠራው ነገር ስጡት።

ቀጥሎ ምግብ። በየቀኑ የሚበላው ፌንጣና በረሮ ለዚህ አይሆንም። እምብዛም የማያገኘውን፣ የሚወደውን ምረጡ። የእኛው ደካማ ጎኑ የሐር ትል ነው። በረጅም ወረንጦ ይዤ ከፊቱ፣ ከእሱ ዝቅ ብዬ፣ ዝም ብዬ እቆማለሁ። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ይረዳችኋል። ምላሱ ከሰውነቱ ስለሚረዝም ሳይጠጋችሁ መብላት ይችላል። መጀመሪያ አንድ ዓይኑ ትሉ ላይ፣ ሌላው ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ትሏን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ሁለቱንም ለየብቻ ያሰላል። ሁለቱም ዓይኖች ወደፊት ዞረው ትሉ ላይ ሲገናኙ ወስኗል ማለት ነው። አፉ በትንሹ ይከፈታል፣ የምላሱ ጫፍ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ጠብ! ወረንጦው እጄ ላይ ሲነዝር ይሰማኛል።

ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ እንቢ ካለ ውሰዱት፤ ምግቡን እንደወትሮው ቤቱ ውስጥ አድርጉለት። አንዳንዶች «አስርቡት፣ ሲርበው ወደ እጃችሁ ይመጣል» ይላሉ። አታድርጉት። የተራበ እስስት የሚማረው ነገር ቢኖር እናንተ ስትመጡ ምግብ እንደሚጠፋ ነው።

ከወረንጦ ወደ መዳፍ ሄድን። መዳፌን ዘርግቼ ትሉን ጣቶቼ ጫፍ ላይ፣ ከዚያ መዳፌ መሀል ላይ፣ ከዚያ ክንዴ ላይ። ሩቅ ባስቀመጥኩት ቁጥር ምላሱ ስለማይደርስ እግሩን ማንሳት አለበት። የእስስት እግር ልዩ ነው። አምስቱ ጣቶች ሁለትና ሦስት ሆነው ተጣብቀው በሁለት ወገን ይይዛሉ። የመጀመሪያ ቀን አንድ እግሩን አንስቶ አየር ላይ ለረጅም ጊዜ አንጠለጠላት። ከዚያ ሌባ ጣቴን ያዘ። ጥፍሩ ትንሽ ይወጋል። ያዘኝ፣ ጨበጥ ጨበጥ አደረገኝ፣ እግሩን መለሰና ሄደ። እኔም እጄን ሳላንቀሳቅስ ተውኩት። መሄድ እንደሚችል ያየው ያን ቀን ነው። በማግሥቱ ሁለት እግሩን አወጣ።

ለእኛ ትልቁ እርምጃ ግን ከእጅ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ዛፍ ነው። ትልቅ የፋይከስ ዛፍ በማሰሮ ገዝተን ከቤቱ አጠገብ አቆምን። ከበሩ እስከ ዛፉ አንድ ቅርንጫፍ አጋደምን። ከሰዓት በኋላ፣ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ በሩን ከፍተን እንተወዋለን። እስስት ወደ ላይ መውጣት ይወዳል። ጋሼ በራሱ ፈቃድ ወጥቶ ዛፉ አናት ላይ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ በር ሲከፈት የሚያስበው ስለ ዛፉ ነው። ልምዱ ሲጸና ቅርንጫፉን አንስቼ በቦታው ክንዴን አደረግኩ። ቆም አለ፣ አየኝ፣ ተሻገረ። ለእሱ እኔ ድልድይ ነኝ። ከዚህ የተሻለ ቦታ ያገኘሁ አይመስለኝም።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። ቤቱ ዘመድ በዘመድ ሆነ። እኔ ዶሮ ወጥ ላይ ነበርኩ። ከሳሎን «ኧረ እንደ አሻንጉሊት እኮ ነው!» ሲል ሰማሁ አንድ የሥጋ ዘመዴ። ፎቶ ለመነሣት ጋሼን ከላይ መንጭቆ ይዞታል። ስደርስ ጋሼ ከሰል መስሏል። ዘመዴ ደግሞ አውራ ጣቱን ይዞ ይዘላል። የእስስት ንክሻ መርዝ የለውም። መንጋጋው ግን ቀልድ አይደለም፣ ይደማል። በሳሙናና በውኃ አጠብነው፣ አለፈ። ዘመዴ በአንድ ሰዓት ረሳው። ጋሼ ግን አልረሳም። ለሳምንታት ከእጅ አልበላም። ከቅርንጫፍ ጀርባ መዞሩም ተመለሰ። እኛም ወንበሩን መልሰን አመጣን፣ ከመጀመሪያው ጀመርን። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ፈጠነ፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ወደኋላ ሲመለስባችሁ ተስፋ አትቁረጡ። አሁን ቤታችን ሕግ አለ። ጋሼን ማንም አያነሳም፤ ከፈለጉ እሳቸው ይመጣሉ። ድግስ ሲኖር በሩ ይቆለፋል፣ ቤቱ ላይ ነጠላ ጣል ይደረጋል።

እናቴ ከአገር ቤት የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ገና ስታየው «በስመ አብ!» ብላ ከሳሎን ወጣች። ቀን ቀን ግን ፀሐይ የሚገባው እዚያው ጥግ ብቻ ስለሆነ ጀርባዋን ሰጥታው መቀመጥ ጀመረች። ቡናዋን ትጠጣለች፣ ጎመን ትቀነጥሳለች፣ ዳዊቷን ትደግማለች። ዞራም አታየውም። ምን ሆነ መሰላችሁ? ከሁላችንም ቀድሞ የተረጋጋው ለእሷ ነው። እሷ ስትቀመጥ ፈዘዝ ያለውን አረንጓዴ ይለብሳል። እኔ በዕቅድ የሠራሁትን እሷ ባለመፈለግ ሠራችው። አንድ ቀን የጎመን ቅጠል በሩ ላይ ሰካችለት፤ «እስኪ ይቅመሱ»። ይህ ዓይነት እስስት ከነፍሳት ሌላ ቅጠልም ይበላል። መጥቶ ጠርዙን ገመጠ። እናቴ እስካሁን ነክታው አታውቅም። ጎመኑ ግን አይቋረጥም።

አሁን ስለ አያያዙ ልናገር። እጃችሁ ሁልጊዜ ከፊትና ከታች ይምጣ፣ በዝግታ። ከደረቱ በታች አድርጉትና ጠብቁ። ፈቃደኛ ከሆነ ራሱ ይረግጣል፤ ካልሆነ ደግሞ ያ ቀን ቀረ ማለት ነው። ስትይዙት ጣታችሁን አትጨብጡበት፤ እጃችሁ የሚረገጥ እንጨት እንጂ የሚዘጋ ነገር እንዳይሆን። ከመዳፍ መዳፍ እየተራመደ ከሄደ ይሂድ፣ አንዱን እጅ ከሌላው ፊት እያስቀደማችሁ መንገድ ሥሩለት። ቁጭ ብላችሁ ወይም ከአልጋ በላይ ያዙት፤ ከቁመታችሁ ከወደቀ ይጎዳል። ስትመልሱት በፍጹም አትጎትቱ። እግሩ ከያዘ ያዘ ነው፣ ብትጎትቱ ጥፍሩ ይነቀላል፣ ጣቱም ሊሰበር ይችላል። እጃችሁን ከቅርንጫፉ ዝቅ አድርጋችሁ አቅርቡለት፣ ወደ ላይ መውጣት ስለሚወድ ራሱ ይሻገራል። ከዘገየ የጅራቱን ሥር በጣት ነካ ማድረግ ይበቃል። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ጥሩ ነው፤ ከመብራቱ ሲርቅ ይቀዘቅዛልና።

የማይነካባቸው ጊዜዎች አሉ። ጠዋት ሳይሞቅ፣ ቆዳውን ሲቀይር፣ ቀን ዓይኑን ከጨፈነ። የመጨረሻው መቆጣት አይደለም፤ ቀን የሚያንቀላፋ እስስት ታሟልና ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ሴት ካላችሁ ደግሞ ወንድ ባይኖርም እንቁላል ትይዛለች። ጠቁራ ሰማያዊና ቢጫ ነጠብጣብ ስታወጣ ተዋት፤ የምትቆፍርበት እርጥብ አሸዋ ያለበት ባልዲ ያስፈልጋታል። ቤታችሁ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለ እስስቱ ይቆይላችሁ። ተሳቢ እንስሳት ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ይይዛሉ። ሌላው ሰውም ከነካው በኋላ በሳሙና ይታጠብ።

ስትገዙ ሰው ቤት የተፈለፈለ መሆኑን አረጋግጡ። ከዱር የተያዘ እስስት ብዙ ጊዜ ጥገኛ ትል ይዞ ይመጣል፣ እጅም ላይለምድ ይችላል። አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ከቁጥቋጦ አንስታችሁ ቤት አታስገቡብኝ። ባሌ ሐረና ጫካ ያሉትን ጨምሮ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኙ እስስቶች አሉን። እዚያው ይቆዩ።

በነገራችን ላይ እስስት እጅ ላይ እንዲወጣ ይህን ሁሉ የደከምነው ለፎቶ አይደለም። እስስት ሕመሙን ይደብቃል። መጀመሪያ የሚታየው ክብደቱ ሲቀንስ ነው። ጋሼ በራሱ ፈቃድ ክንዴ ላይ ስለሚወጣ ዓይኑ አለመስረጉን፣ እግሩ አለመጉበጡን፣ ከንፈሩ አለማበጡን በቅርብ አያለሁ። ከዚያ ትንሽ ቅርንጫፍ የታሰረበት ሚዛን ላይ ይሻገራል፣ ልጁ ግራሙን ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ አለቀ። ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ሚዛን ግዙ። የእኛው መጀመሪያ የወጥ ቤቱ ነበር። እናቴ ይህን ያወቀችው በርበሬ ስትመዝንበት ነው። በማግሥቱ ጠዋት አዲስ ሚዛን ልገዛ ሄድኩ።